አንድ ፌስታል፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት

አክስቴ ከዴልሂ የተመለሰች ሰሞን ልጠይቃት ሄድኩ። የሄደችው ለጉልበቷ ነበር፤ ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። ቡናው ገና አልፈላም። አንድ ፌስታል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

ከፌስታሉ ሁለት ነገር ወጣ። አንዱን እኔም አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ የታዘዘላት የደም ግፊት ኪኒን ነው፤ አምሎዲፒን። ሌላው ቡናማ ብልቃጥ ነው። ክዳኑ ወርቅማ፣ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ ጽሑፉ ግማሹ በሂንዲ ግማሹ በእንግሊዝኛ።

«ይኼኛው ተፈጥሯዊ ነው አሉኝ» አለች ብልቃጡን ብድግ አድርጋ። «ግፊትም ያወርዳል፣ እንቅልፍም ያመጣል። አሁን ሁለቱንም እየዋጥኩ ነው። ያንን የድሮውን ልተወው እንዴ?»

እንቅልፍሽስ እንዴት ነው ስላት ጥሩ ነው አለች። ብቻ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ያዞራታል። አፍንጫዋም ድፍን ብሏል። «የዴልሂ አየር ነው» አለች። «ጭሱን ብታየው!»

ብልቃጡን ያገኘችው ከሆስፒታሉ አይደለም። ያረፈችበት ቤት አጠገብ አንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ነበር። አስታማሚዋ ወገቧን ሲያማት እሱ ጋ ሄዱ፣ እሷም በዚያው ታየች። በአስተርጓሚ ነው። ስለ ሰውየው ስታወራ ፊቷ ይበራል።

«ሦስት ጣቱን እጄ ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ከዚያ ጥያቄውን ጀመረ። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ሌሊት ስንቴ ትነቂያለሽ? እራት መቼ ትበያለሽ? ሆድሽ እንዴት ነው? ቶሎ ትበሳጫለሽ ወይ? አርባ ደቂቃ ሙሉ አናገረኝ እኮ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ ስንት ዓመት አንድ ቦታ ስመላለስ፣ ስንት ሰዓት እንደምተኛ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይለኩኛል፣ ጨው ቀንሺ ይሉኛል፣ ቀጥሎ ያለው ይግባ።»

ስለ አዩርቬዳና ስለ ምዕራቡ ህክምና ብዙ ክርክር አንብቤያለሁ። አክስቴ በዚያች አንድ ስኒ ቡና ላይ የተናገረችውን ያህል ጥርት አድርጎ ያስቀመጠልኝ የለም። አንዱ ሐኪም ቀኗን ጠየቃት። ሌላው ቁጥሯን ለካ።

አንድ የጨመሩት ባሕርይ

አዩርቬዳ የሚለው ስም ከሁለት የሳንስክሪት ቃላት የተገጠመ ነው፤ አንዱ ሕይወት ወይም ዕድሜ፣ ሌላው ዕውቀት። የትምህርቱ ዋና ምንጮች የቻራካና የሱሽሩታ ድርሳናት ሲሆኑ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው።

ትምህርቱ ሰው የተሠራው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳት፣ ከነፋስና ከጠፈር ነው ይላል። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንባቢ እዚህ ጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አራቱ ባሕርያተ ሥጋ እኛም ጋ አሉ። ህንዶቹ አንድ ጨመሩ።

እነዚህ አምስቱ ተቀላቅለው ሦስት ኃይላትን ይሰጣሉ። ቫታ የነፋስ ወገን ነው፤ እንቅስቃሴ፣ ድርቀት፣ ብርድ፣ ስጋት የሱ ናቸው። ፒታ እሳት ነው፤ ምግብ መፍጨት፣ ሙቀት፣ ቁጣ። ካፋ ውኃና መሬት ነው፤ ክብደት፣ እርጋታ፣ አክታ። ሰው ሁሉ ሲወለድ የራሱ ቅይጥ አለው። ጤና ማለት ያ ቅይጥ ሳይዛባ መኖር ነው። ስለዚህ ለጎረቤትህ የተስማማው ምግብ ላንተ ላይስማማ ይችላል።

ፒታ የሚለው ቃል ሐሞት ማለትም ነው። እኛስ «ሐሞቱ ፈሰሰ»፣ «ሐሞተ ቢስ» ስንል ምን እያልን ነው? ጠባይን ከአካል ፈሳሽ ጋር እያያዝን ነው። አውሮፓውያንም ከግሪኮች የወረሱትን የአራት ፈሳሾች ትምህርት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይዘውት ዘልቀዋል። ሐኪሞቻቸው በሽተኛ ደም ያፈሱ የነበረው በዚያ ስሌት ነው። እንግዲህ «የምሥራቅ ጥበብ» እና «የምዕራብ ሳይንስ» የሚባለው አጥር ድሮ አልነበረም። ሁሉም አንድ ሰፈር ነበር የሚኖረው።

በነገራችን ላይ ህንድ ውስጥ ዘመናዊውን ህክምና «አሎፓቲ» ይሉታል። ቃሉን የፈጠረው ሆሚዮፓቲ የሚባለው አማራጭ ህክምና መሥራች፣ ጀርመናዊው ሃኔማን ነው፤ የዘመኑን ሐኪሞች ለመንቀፍ። ስድብ ሆኖ ተወልዶ ዛሬ የመንግሥት ወረቀት ላይ ሳይቀር ተራ ስም ሆኗል።

ወደ አዩርቬዳ ልመለስ። እኔን የሚማርከኝ ንድፈ ሐሳቡ ሳይሆን የቀኑ ሥርዓት ነው። «ዲናቻርያ» ይሉታል። ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብለህ ተነስ። ለኪዳን እንደሚነሳ ሰው ማለት ነው። ምላስህን ፋቅ። አፍህን በዘይት ተጉመጥመጥ። ሞቅ ያለ ውኃ ጠጣ። ሰውነትህን በዘይት እሽ። ስፖርት ሥራ፣ ግን እስከ ግማሽ አቅምህ፤ ግንባርህ ላብ ሲያወጣ ይበቃል። ዋናውን ምግብህን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብላ። የሆድህን ግማሽ በምግብ፣ ሩቡን በሚጠጣ ሙላ፤ የቀረውን ሩብ ባዶ ተወው። እራት ቀለል ያለና በጊዜ ይሁን። በጊዜ ተኛ።

እናቶቻችን አናታቸውን ቅቤ ሲቀቡ ያየ ሰው ዘይቱ አይደንቀውም። ቆሻሻን ከሰውነት የማስወጣት «ፓንቻካርማ» የሚባል ሥርዓትም አላቸው። ማስመለስ፣ ማስቀመጥ፣ ደም ማስወጣት፣ አንዳንዴም በአልቅት። ይህንን ለአያቶቻችን ቢነግሯቸው ኮሶና ዋግምት መሆኑን ወዲያው ያውቁታል። ዛሬ ቱሪስት በዶላር ከፍሎ በህንዷ ግዛት በኬረላ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያደርገው ይኸንን ነው። ኮሶ ያኔ ማስታወቂያ ቢኖረው ኖሮ!

300 በ190

ሌላኛውን መንገድ ለመረዳት ከአንድ ሰው የግፊት ወረቀት መነሳት ይሻላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሚያዝያ 1945 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በጭንቅላት ደም መፍሰስ ሞቱ። 63 ዓመታቸው ነበር። በዚያች ሰዓት የተለካው ግፊታቸው 300 በ190 ነው። ዛሬ ማንኛዋም ነርስ ቁጥሩን ብታይ ከወንበሯ ትነሳለች። ያኔ ግን ብዙ ሐኪሞች ሰው ሲያረጅ ግፊቱ መጨመሩ የዕድሜ ነው ብለው ያልፉት ነበር። ቢያልፉትም ባያልፉትም ብዙ የሚሰጡት መድኃኒት አልነበራቸውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ቦስተን አጠገብ ባለችው የፍራሚንግሃም ከተማ አንድ ጥናት ተጀመረ። 5,209 ሰዎች ተመዘገቡ። በየሁለት ዓመቱ ይመረመራሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያ ይጠበቃል። ማን ልቡን ታመመ? ማን አልታመመም? የታመሙት ከበፊቱ ምን ነበራቸው? ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ ዛሬ «አጋላጭ» የምንላቸው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው የተለዩት።

ይህ አስተሳሰብ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጤናማ ነኝ የሚል፣ ምንም የማያመው ሰው ላይ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን ማየት ተቻለ። በሽታ ሳይሰማ የሚለካ ነገር ሆነ።

አዩርቬዳ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጠያቂው ሐኪም የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚነሳው ከሚሰማህ ነገር ነው። የደም ግፊት ደግሞ አይሰማም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ አዋቂዎች ውስጥ 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት አለባቸው። ግማሽ ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው መታመማቸውን አያውቁም። እንቅልፋቸው ጥሩ ነው። ሆዳቸውም ደህና ነው። ሦስት ጣት ቢያርፍባቸው ምን ይናገራል? ያን ሰው የሚያድነው ክንድ ላይ ተጠቅልሎ የሚነፋው ጨርቅ ነው።

ግን ምዕራቡም የራሱን ማስረጃ ራሱ አይኖርበትም። በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳር በሽታ አፋፍ ላይ ያሉ 3,234 ሰዎች ተወሰዱ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ዋጠ። ሌላው ክብደቱን 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ሦስተኛው ባዶ ኪኒን ወሰደ። ከባዶ ኪኒኑ ጋር ሲወዳደር ሜትፎርሚኑ በስኳር የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ። አመጋገብና እንቅስቃሴው በ58 በመቶ። እግር ኪኒኑን በለጠው ማለት ነው።

ይህ ውጤት በየቦታው ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው እንዴት እንደተገኘ ነው። እነዚያ ሰዎች «ክብደት ቀንሱ» ተብለው በር ላይ አልተሸኙም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ 16 ጊዜ ለየብቻቸው ሰው ተመድቦላቸው ተቀምጠው ተማሩ። ምን እንደበሉ ጻፉ፣ ተመዘኑ፣ ሲወድቁ ተጠየቁ። የአክስቴ አርባ ደቂቃ ማለት ነው፣ 16 ጊዜ ተባዝቶ። በየክሊኒካችን በር ላይ የሚወረወረው «ጨው ቀንሺ» ከዚያ ጥናት የተረፈ ፍርፋሪ ነው።

ታዲያ «ምዕራባዊ» የሚለው ስም ራሱ ልክ ነው ወይ? በዚያው አሳብ ህንዶችም ቼናይ ከተማ ላይ 531 ሰዎችን ይዘው ሞከሩ። በ2006 ሲታተም እንቅስቃሴና አመጋገብ ብቻውን የስኳርን ዕድል በ28.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሜትፎርሚን ጨምረውበት የተሻለ ነገር አላመጣም። ህንዳውያን ሐኪሞች፣ ህንዳውያን ታካሚዎች፣ ሩዝና ዳል የሚበላበት አገር። ሜትፎርሚንስ ቢሆን? ዘሩ ሲቆጠር የአውሮፓ ገበሬዎች ከሚያውቁት ከአንድ ቅጠል ጋር ይገናኛል።

ፍራሚንግሃምም ቼናይም ያደረጉት አንድ ነገር ነው። ቆጠሩ።

የብልቃጡ ጀርባ

ከአክስቴ ቤት ስወጣ የብልቃጡን ፎቶ አንስቼ ነበር። ማታ በስልኬ አጉልቼ አነበብኩት። ዝርዝሩ ውስጥ ሳርፓጋንዳ የሚል አለ። ከጎኑ የሳይንስ ስሙ፦ ራውቮልፊያ ሰርፔንቲና።

አጋጣሚ ሆኖ የዚህን ሥር ታሪክ አውቀዋለሁ። በአዩርቬዳ ለእንቅልፍ እምቢታና ለአእምሮ መረበሽ ሲሰጥ የኖረ ሥር ነው። በ1931 ካልካታ ላይ ሴንና ቦስ የተባሉ ሁለት ህንዳውያን ግፊት እንደሚያወርድ ጻፉ። በ1949 ረስተም ቫኪል የተባለው የቦምቤይ የልብ ሐኪም በታካሚዎቹ ላይ ያየውን በእንግሊዝ የልብ ህክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ያኔ ዓለም ሰማ። በ1952 ሲባ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ከሥሩ ውስጥ ዋናውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ሬሰርፒን ብሎ ሰየመው። ሩዝቬልት ከሞቱ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። ለግፊት በሰፊው ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ ውጤታማ ኪኒኖች አንዱ ይኸው ሆነ።

ብዙ ሳይቆይ ግን ነገሩ ተገለጠ። መጠኑ ሲበዛ አንዳንዱን ሰው ከባድ ድብታ ውስጥ ይከተዋል። አፍንጫ ይደፍናል። ብድግ ሲሉ ያዞራል። የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ቀስ በቀስ ከመደርደሪያው ወረደ። አምሎዲፒን ከእነዚያ በኋላ ከመጡት አንዱ ነው።

እንግዲህ አክስቴ አንድ «ኬሚካል» እና አንድ «ተፈጥሯዊ» አልነበረም የምትውጠው። ሁለት የግፊት መድኃኒት ነበር። የአንዱ መጠን በሚሊግራም ተጽፏል። የሌላው ሬሰርፒን ስንት እንደሆነ ብልቃጡ ላይ የለም። ሥሩ በበቀለበት አፈር፣ በተነቀለበት ወቅት ይለያያል።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል የሚያናድደኝ በዚህ ነው። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ መጠኑን ያልጠበቀ ሰው ምን እንደሚያገኘው አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

ከመጠኑ የባሰም አለ። በ2004 ቦስተን አካባቢ ባሉ ሱቆች የተሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም አርሴኒክ ተገኘ። ከአምስት አንድ። ከአራት ዓመት በኋላ በኢንተርኔት የተገዙ 193 ምርቶች ሲታዩም ውጤቱ ያው ከአምስት አንድ ገደማ ነበር። አንዳንዱ የንጽሕና ጉድለት ነው። አንዳንዱ ግን ሆን ተብሎ የሚገባ ነው። «ራሳ ሻስትራ» የሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ እንዲህ ያሉ ብረታ ብረቶችን አቃጥሎና ደጋግሞ አጥርቶ መድኃኒት ያደርጋል። ባለሙያዎቹ ሂደቱ መርዙን ያወጣዋል ይላሉ። ደም ውስጥ የተገኘ እርሳስ ግን እርሳስ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ «አሽዋጋንዳ» የሚለውን ስም ሳታዩ አትቀሩም። በየፋርማሲው መደርደሪያ፣ በየቲክቶኩ። ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ፣ ለጉልበት እየተባለ ይሸጣል። እናንተው ግን ታውቁታላችሁ። ግዛዋ ነው! አገር ቤት ሥሩ ለጭስ፣ ለቡዳ የሚባለው። በጭንቀትና በእንቅልፍ ላይ የተሠሩ አነስ አነስ ያሉ ጥናቶች ጥቂት ጥቅም ያሳያሉ። በሌላ በኩል ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በህክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ዴንማርክ በ2023 ጨርሳ ከለከለችው፤ በታይሮይድና በፆታ ሆርሞን ላይ ስላለው ነገርና ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል በሚል ስጋት። እርድም ወጥ ውስጥ ሲገባና ተጨምቆ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በእንክብል ሲዋጥ አንድ አይደለም። ቁንዶ በርበሬው እርዱ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምረዋል። ጉበት የሚጎዳው በዚያኛው ዓይነት ነው፤ በአልጫው አይደለም።

ቱልሲ ባይ

ሚያዝያ 2022 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ህንድ ነበሩ። ጃምናጋር በምትባል የጉጃራት ከተማ የድርጅቱ ዓለም አቀፍ የባህል ህክምና ማዕከል የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የህንድ መንግሥት 250 ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ በአዳራሽ ሕዝብ ፊት ለእንግዳቸው የጉጃራት ስም አወጡላቸው፦ ቱልሲ ባይ። ባይ ወንድም ማለት ነው። ቱልሲ ደግሞ በየህንዱ ግቢ የምትተከል የተቀደሰች ቅጠል ናት፤ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ። በአማርኛ ስናወርደው «ወንድም በሶብላ» እንደማለት ነው።

ፈገግ ያሰኛል። ግን ከፈገግታው ጀርባ ከባድ ነገር አለ። ህንድ በ2014 ለአዩርቬዳ፣ ለዮጋና ለመሰሎቻቸው ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቁማለች። ጉዳዩ ጤና ብቻ አይደለም። ኩራት ነው፣ ገበያ ነው፣ ፖለቲካ ነው። በ2020 መጨረሻ መንግሥት ልዩ ትምህርት የወሰዱ የአዩርቬዳ ሐኪሞች 58 ዓይነት ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ ሲፈቅድ ዘመናዊዎቹ ሐኪሞች ሥራ አቁመው ተቃወሙ።

ከሁሉ ይበልጥ የማስታወሰው ግን የፓታንጃሊን ጉዳይ ነው። በዮጋ መምህሩ ባባ ራምዴቭ ስም የገነነ የአዩርቬዳ ኩባንያ ነው። ግፊትን፣ ስኳርን፣ አስምን ጨርሰን እናድናለን የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የሐኪሞች ማኅበር ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስጠነቀቀ፤ ማስታወቂያው ቀጠለ። በ2024 ራምዴቭ ዳኞቹ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ኩባንያው በ67 ጋዜጦች ላይ ይቅርታ አወጣ። ዳኛዋ ታዲያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ይቅርታው የማስታወቂያችሁን ያህል ትልቅ ነው?

ይህን ያየ ሰው አዩርቬዳ ሁሉ ማጭበርበር ነው ሊል ይችላል። እኔ እዚያ አልደርስም። ኮይምባቶር ውስጥ በ43 የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በ2011 ታትሟል። ሙሉ የአዩርቬዳ ህክምና ሜቶትሬክሴት ከሚባለው የዘመናዊው ህክምና መድኃኒት ጋር ተወዳደረ። ሁለቱም ወገን የሚመሳሰል ባዶ መድኃኒት ተሠርቶለት፣ ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቅ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። 43 ሰው ለመተማመን ትንሽ ነው። ግን «አዩርቬዳ ለየሰዉ የተለየ ስለሆነ በጥናት አይለካም» የሚለውን ሰበብ ውድቅ ያደርጋል። ይለካል። የሚለካው ሰው ካለ።

ሳይለካ ሲቀር የምንቀረው በወሬ ነው። የኬንያውን ራይላ ኦዲንጋን እናስታውስ። ልጃቸው ሮዝሜሪ የዓይኗ ብርሃን ጠፍቶ ኬረላ ውስጥ በአዩርቬዳ ታክማ እንደተሻላት እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ሞዲም በሬዲዮ ንግግራቸው አነሱት። ጥቅምት 2025 ኦዲንጋ እዚያው ኬረላ ለህክምና ሄደው፣ ማለዳ በእግራቸው ሲንሸራሸሩ ወደቁ። አቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ልባቸው አልተመለሰም። 80 ዓመታቸው ነበር። አንዱ የልጅቱን ነገር ይዞ «ያድናል» ይላል። ሌላው የአባትየውን ሞት ይዞ «አየህ» ይላል። ሁለቱም ምንም አልያዙም። አንድ ሰው መዳኑም አንድ ሰው መሞቱም ስለ ህክምናው አይነግረንም።

ኬረላን ካነሳን ይህንንም ልጨምር። የአዩርቬዳ ሀገር የምትባለው ኬረላ ናት። በ2023 በወጣው የህንድ ሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኬረላ አዋቂዎች 25.5 በመቶው ስኳር አለበት። በመላው ህንድ ደግሞ 101 ሚሊዮን ሰው። ይህ የሆነው በአዩርቬዳ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ምክር ቢሆን ኖሮ እነሱ ጋ ሞልቷል፤ የሆድህን ሩብ ባዶ ተወው የሚለው ቃል ከተጻፈ ስንት መቶ ዓመቱ ነው። ሰው ግን እንደኛው ነው። ቢሮ ይውላል፣ ማታ ይበላል፣ ከዚያ ብልቃጥ ይገዛል። የጠዋቱን ጉዞና የእራቱን ሰዓት ማንም አሽጎ ሊሸጣቸው አይችልም። ብልቃጡን ይችላል። በዚህ በኩል የምዕራቡ ኩባንያ ከዴልሂው ብዙም አይለይም።

ድጋሚ ቡና

በማግስቱ ፋርማሲ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሳርፓጋንዳ የሚለውን ሲሰማ ሳቀ። «ሬሰርፒን? ኮሌጅ እያለን ለፈተና ነው የሸመደድነው!» ከዚያ ሳቁን አቆመና ግፊቷ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም። መለኪያውን ይዞ አብረን ሄድን።

100 በ60። ቆማ ስትለካ ደግሞ ከዚያም ወረደ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ? ወረደልኝ!» አለች።

«በጣም ወረደልሽ እንጂ» አላት። «ሽንት ቤት ስትሄጂ ብትወድቂ ያ አዲሱ ጉልበትሽ ምን ይሆናል?»

ይቺ ነገር ገባቻት። ሐኪሟ ጋ ሄደች፣ ብልቃጡንም ይዛ። እሱም ብልቃጡን አስቆማትና አምሎዲፒኑን በያዘችው መጠን እንድትቀጥል ነገራት። ሌላም ወረቀት አሳየችው። የዴልሂው ሰው በአስተርጓሚ ያስጻፈላት ናት። ጠዋት ተራመጂ። እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት አይለፍ። ጉልበትሽን በሞቀ የሰሊጥ ዘይት እሽ። ቀን አትተኚ። ሐኪሙ አነበባትና «ይቺን ቀጥይባት» አላት። ይህን ስትነግረኝ የተሸለመች ነው የምትመስለው።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ግፊቷ 128 በ78፤ ራሷ ነች በቀይ እስክሪብቶ ደብተር ላይ የጻፈችው። አፍንጫዋ ተከፍቷል። የዴልሂ አየር ነው ያለችውን አላስታወስኳትም። ቤቱ ግን ተማሯል። እራት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቀርባል፤ ከሥራ የሚመጣ ሰው የቀዘቀዘውን ይበላል።

ብልቃጡ ኩሽና መስኮት ላይ ቆሟል። ጥቁር አዝሙድ ሞልታበታለች።

«ክዳኑ ጥሩ ነው» አለችኝ።